ዲስክ ስሙን ሲለውጥ፦ የሊኑክስ ማከማቻዎች ስም አሰጣጥና የሚያስከትለው አደጋ

ውጭ አገር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ፣ የትምህርት ክፍላችን የምርምር መረጃዎች የሚቀመጡበት አንድ ሰርቨር ነበር። በውስጡ ያሉት አራት ዲስኮች እንደ አንድ ትልቅ ማከማቻ ሆነው እንዲሠሩ፣ አንዱ ቢበላሽም ምንም መረጃ እንዳይጠፋ ተደርገው የተቀናጁ ነበሩ። አንድ ምሽት ሰርቨሩ ለኃላፊው ባለሙያ «ኤስዲሲ የተባለው ዲስክ ተበላሽቷል» የሚል ኢሜይል ላከለት። ባለሙያው በማግሥቱ ጠዋት ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሣው፤ የኤስዲሲን ሴሪያል ቁጥር ከኮምፒውተሩ ጠየቀ፤ ቁጥሩን በዲስኮቹ ላይ ከታተመው ጋር አመሳከረ፤ ከዚያም ዲስኩን ነቀለ። ማከማቻው ወዲያውኑ በሙሉ ቆመ።

ባለሙያው ግድየለሽ አልነበረም። እንዲያውም ከብዙዎች የተሻለ ጥንቃቄ አድርጓል። ችግሩ የተበላሸው ዲስክ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ ጭራሽ አለመታየቱ ነበር። ኮምፒውተሩ ያገኘው ሦስት ዲስኮችን ብቻ ነው። ትናንት አራተኛ የነበረውና ኤስዲዲ ይባል የነበረው ጤነኛ ዲስክ፣ ዛሬ ሦስተኛ ሆኖ ኤስዲሲ የሚለውን ስም ወረሰ። ባለሙያው የጠየቀው ስም ትክክል ነበር፤ የስሙ ባለቤት ግን ሌሊቱን ተለውጦ አደረ። አንድ ዲስክ ብቻ ቢጎድል የሚችለው ማከማቻ ሁለት ሲጎድልበት ቆመ፤ ዲስኩ ወደ ቦታው ተመልሶ መረጃው በግዳጅ ትእዛዝ እስኪነሣ ድረስም ሁለት ቀን ፈጀ።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ስለ ዲስክ ስም አሰጣጥ ለዓመታት ሲከራከሩ፣ ጉዳዩ ለውጭ ሰው ከንቱ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ክርክሩ የሚነሣው እንዲህ ካለው ጠዋት ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ አንድ ዕቃ ስሙን ማግኘት ያለበት ከመጣበት ተራ ነው፣ ከተቀመጠበት ቦታ ነው፣ ወይስ ከራሱ ማንነት?

ለመሆኑ ሬይድ ምንድን ነው?

በርካታ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ የማሠራት ዘዴ ሬይድ ይባላል። ስሙንና ጽንሰ ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቁት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ሲሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1988 ነበር። በወቅቱ ትልልቅ ተቋማት እጅግ ውድ የሆኑ ትልልቅ ዲስኮችን ይጠቀሙ ነበር። ሦስቱ ተመራማሪዎች ርካሽ የሆኑ ትንንሽ ዲስኮችን በብዛት አቀናጅቶ መጠቀም እንደሚቻል፣ የአንዱ መበላሸትም መረጃ እንዳያጠፋ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ።

ቀላሉ የሬይድ ዓይነት መስተዋት ነው፤ አንዱ ዲስክ የሌላው ቅጂ ይሆናል። ሁለተኛው የተለመደ ዓይነት፣ ሬይድ 5 የሚባለው፣ በስሌት ይሠራል። ሐሳቡን በምሳሌ እንመልከተው። በሦስት ዲስኮች ላይ 5፣ 3 እና 4 የሚሉ ቁጥሮች ቢጻፉ፣ በአራተኛው ላይ ድምራቸው 12 ይጻፋል። 3 የተጻፈበት ዲስክ ቢቃጠል፣ ከ12 ላይ 5ን እና 4ን ቀንሶ የጠፋውን ቁጥር መልሶ ማግኘት ይቻላል። ኮምፒውተሩ የሚጠቀመው ስሌት ከተራ መደመር ይለያል፣ የስሌቱ ውጤትም በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ላይ ተራ በተራ ይከፋፈላል፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው። ሁለት ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ከጠፉ ግን ስሌቱ መልስ አይሰጥም።

ይህን ሥራ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ሊያከናውነው ይችላል። በሊኑክስ ግን ያለ ልዩ ካርድ፣ በሶፍትዌር ብቻ ማከናወን ይቻላል። በሊኑክስ እምብርት ውስጥ ይህን የሚሠራው ክፍል ኤምዲ ይባላል፤ ስሙ «በርካታ መሣሪያዎች» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የተወሰደ ነው። ተጠቃሚው ኤምዲን የሚያዝበት መሣሪያ ደግሞ ኤምዲአድም የተባለው ፕሮግራም ነው። ኒል ብራውን የተባለው አውስትራሊያዊ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 መጻፍ ጀመረው፤ ለብዙ ዓመታትም ሲንከባከበው ቆይቷል።

ጉዳዩ የትልልቅ ተቋማት ብቻ አይደለም። ዛሬ ብዙ ቤተሰቦች የሠርግ ቪዲዮና የልጆች ፎቶግራፍ የሚያስቀምጡባቸው፣ እንደ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ያሉ የቤት ማከማቻ ሣጥኖች ውስጣቸው ሊኑክስ ነው፤ ዲስኮቻቸውን የሚያቀናጀውም ይኸው ኤምዲ ነው።

ተራ ቁጥር፣ አድራሻና የጣት አሻራ

በድሮዎቹ የግል ኮምፒውተሮች የዲስክ ስም ቦታን ያመለክት ነበር። ኤችዲኤ ማለት በመጀመሪያው ኬብል ላይ ያለ የመጀመሪያው ዲስክ፣ ኤችዲሲ ማለት ደግሞ በሁለተኛው ኬብል ላይ ያለ የመጀመሪያው ዲስክ ነበር። በመካከላቸው ያለው ኤችዲቢ ባይኖርም እንኳ ኤችዲሲ ስሙን አይለውጥም ነበር። ስሙን ያወቀ ሰው ዲስኩ የት እንዳለ ያውቅ ነበር።

ሳታ እና ዩኤስቢ የተባሉት የግንኙነት ዓይነቶች ሲስፋፉ ይህ ሥርዓት ቀረ። ዛሬ ሊኑክስ እነዚህን ዲስኮች ኤስዲ በሚል ቅድመ ቅጥያ ይጠራቸዋል፤ የላቲን ፊደላትን በቅደም ተከተል ይጨምርና ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እያለ ይቀጥላል። ፊደሉ የሚያመለክተው ቦታን ሳይሆን የተገኙበትን ተራ ነው። ኮምፒውተሩ በፍጥነት እንዲነሣ ሲባል ዲስኮች ጎን ለጎን፣ በአንድ ጊዜ ስለሚፈለጉም ቀድሞ መልስ የሰጠ ቀድሞ ስም ያገኛል። አንድ ፍላሽ ተሰክቶ ቢረሳ እንኳ የሌሎቹን ስም ወደፊት ሊገፋ ይችላል።

በአንድ ባንክ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው 14 የሚል ወረቀት ቢሰጠው፣ ያ ቁጥር ለዛሬ ጠዋት ይሠራል። ነገ ተመልሶ «እኔ 14 ነኝ» ቢል የሚሰማው የለም፤ ነገ 14 የሆነው ሌላ ሰው ነው። ኤስዲሲ የዚህ ዓይነት ስም ነው። ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ ይጠቅማል፤ ማስታወሻ ደብተር ላይ ተጽፎ ለነገ የሚተላለፍ ግን አይደለም።

ይህን ለማረም ዩዴቭ የተባለው የሊኑክስ አገልግሎት ለእያንዳንዱ ዲስክ ተጨማሪ አቋራጭ ስሞችን ያዘጋጃል። አንደኛው በቦታ ነው፤ ዲስኩ በየትኛው መሰኪያ ላይ እንዳለ ይናገራል። ይህ እንደ ቤት አድራሻ ነው፤ ነዋሪው ቢለወጥም አድራሻው አይለወጥም። ሁለተኛው በዲስኩ ማንነት ነው፤ የፋብሪካው የሞዴል ስምና ሴሪያል ቁጥር ይጻፍበታል። ዲስኩ ወደ የትኛውም መሰኪያ ቢዛወር ይህ ስም አብሮት ይሄዳል። ሦስተኛው በይዘት ነው፤ በዲስኩ ላይ በተጻፈው ዩዩአይዲ በተባለ መለያ ይጠራዋል። ዩዩአይዲ 128 ቢት ርዝመት ያለው ቁጥር ሲሆን፣ ሲጻፍ 32 ምልክቶች ይሆናል። በአጋጣሚ ሁለት ተመሳሳይ ቁጥሮች የመፈጠር ዕድላቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሴሪያል ቁጥር የዲስኩ አካል መለያ ነው፤ ዩዩአይዲ ግን በውስጡ የተጻፈው መረጃ መለያ ነው። አንድን ዲስክ ቃል በቃል ወደ ሌላ ዲስክ ብንገለብጠው ዩዩአይዲውም አብሮ ይገለበጣል፤ አንድ ማንነት ያላቸው ሁለት ዲስኮች ይኖሩናል። ስለዚህ «የትኛውን ዲስክ ልንቀል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሴሪያል ቁጥር ነው። «የትኛው መረጃ ነው?» ለሚለው ደግሞ ዩዩአይዲ ነው። ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው ሁለቱ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው።

ስብስቡም ስም አለው

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ነጠላ ዲስኮች ነው። ተቀናጅተው አንድ የሆኑት ዲስኮች ደግሞ የጋራ ስም ያስፈልጋቸዋል። በተለምዶ ይህ ስም ኤምዲ0፣ ኤምዲ1 እየተባለ የሚቀጥል ነው።

ኤምዲ የትኞቹ ዲስኮች አብረው እንደሚሄዱ የሚያውቀው በእያንዳንዳቸው ላይ ከተጻፈ ትንሽ መዝገብ ነው። መዝገቡ ሱፐርብሎክ ይባላል፤ የስብስቡን ዩዩአይዲ፣ የሬይዱን ዓይነትና ዲስኩ በስብስቡ ውስጥ ያለውን ድርሻ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ዲስኮቹ ኤስዲኤም ተባሉ ኤስዲዲ፣ ስብስቡ ራሱ በትክክል ይገጣጠማል። አራቱን ዲስኮች ነቅለን ቦታቸውን ብንቀያይራቸው እንኳ ኤምዲአድም አይደናገርም። በዚህ ረገድ መሣሪያው ከጅምሩ በማንነት የሚሠራ ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው የተገጣጠመው ስብስብ ማን ተብሎ ይጠራ የሚለው ነው።

0.90 የተባለው የድሮው የመዝገብ ዓይነት ለዚህ የሰጠው መልስ ቀላል ነበር። ስብስቡ የሚፈልገውን ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ የሊኑክስ እምብርትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያን ቁጥር አንብቦ ኤምዲ0 ወይም ኤምዲ1 ብሎ ይሰይመው ነበር። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ላለው ሰው ይህ በቂ ነው።

አሁን ግን አንድ የተለመደ ሁኔታ እናስብ። አሮጌው ሰርቨር ተበላሸ፤ ዲስኮቹ ግን ጤነኛ ናቸው። ባለቤቱ መረጃውን ለማዳን ዲስኮቹን አውጥቶ አዲሱ ሰርቨር ላይ ሰካቸው። አዲሱ ሰርቨር የራሱ ኤምዲ0 አለው፤ እንግዶቹም «እኛ ኤምዲ0 ነን» ይላሉ። እንግዶቹ ቀድመው ከተገኙ ስሙን እነርሱ ይወስዱታል። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ በራሱ መረጃ ፋንታ የእንግዳውን መረጃ ከፍቶ ሊጽፍበት ይችላል። መረጃውን ለማዳን የተጀመረው ሥራ መረጃውን የሚያበላሽ ይሆናል።

1 ተብሎ የሚጠራው አዲሱ የመዝገብ ትውልድ ይህን የፈታው የእኛ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በሚያውቀው መንገድ ነው። አበበ የሚባል ሰው በየሰፈሩ አለ፤ አበበ ማን? ሲባል የአባቱ ስም ይጠራል። አዲሱ መዝገብም ከስብስቡ ስም ፊት ስብስቡ የተፈጠረበትን ኮምፒውተር ስም ይጽፋል። ኤምዲአድም ይህን የባለቤት ኮምፒውተር ስም አሁን ከሚሠራበት ኮምፒውተር ስም ጋር ያመሳክራል። ከተስማሙ ስብስቡ የቤት ልጅ ነው፤ የሚፈልገውን ስም ያገኛል። ካልተስማሙ እንግዳ ነው፤ ይገጣጠማል፣ መረጃውም ይነበባል፣ የቤቱን ልጅ ስም ግን መውሰድ አይፈቀድለትም።

የኤምዲ127 ምስጢር

ሊኑክስን በቤታቸው ወይም በሥራቸው የሚጠቀሙ አንባቢያን አንድ ቀን ኮምፒውተራቸውን ሲያስነሡ፣ ለዓመታት ኤምዲ0 ይባል የነበረው ማከማቻ ኤምዲ127 ሆኖ አግኝተውት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከየት መጣ?

ኤምዲአድም ለአንድ ስብስብ የተወሰነ ቁጥር ለመስጠት በቂ ምክንያት ሲያጣ፣ ሰዎች በብዛት ከሚጠቀሙባቸው ከ0 ከሚጀምሩት ቁጥሮች ይርቃል፤ ከ127 ጀምሮ ወደ ታች እየቆጠረ ነፃ የሆነውን ይሰጣል። ሁለተኛው እንግዳ 126 ይሆናል ማለት ነው። ኤምዲ127 የብልሽት ምልክት አይደለም። መሣሪያው «ይህን ስብስብ ማን እንደምለው አልተነገረኝም» የሚልበት መንገድ ነው።

ወደዚህ የሚያደርሱ ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የኮምፒውተሩ ስም መለወጡ ነው። ባለቤቱ ሰርቨሩን አዲስ ስም ሲሰጠው፣ በዲስኮቹ ላይ የተጻፈው አሮጌው ስም ነውና የራሱ ስብስብ በድንገት እንግዳ ይሆንበታል። ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ሊኑክስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ኢኒትራምኤፍኤስ በተባለ፣ በማስታወሻ ውስጥ በሚከፈት ትንሽ ሥርዓት ነው። ይህ ትንሽ ሥርዓት የኤምዲአድምን የቅንብር ፋይል የራሱን ቅጂ ይይዛል። ባለቤቱ ዋናውን ፋይል አስተካክሎ ቅጂውን ካላደሰ፣ ኮምፒውተሩ የሚነሣው በአሮጌው መመሪያ ነው።

ስሙ መለወጡ ብቻውን ጉዳት ባልነበረው፤ ነገር ግን ኤፍኤስታብ የተባለው ፋይል፣ የትኛው ማከማቻ የት እንደሚገናኝ የሚነግረው፣ «ኤምዲ0ን ክፈት» የሚል ትእዛዝ ይዞ ይጠብቃል። ኤምዲ0 የለም። ኮምፒውተሩ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ ሥራውን አቋርጦ ወደ አደጋ ጊዜ ሁኔታ ይገባል፤ ባለቤቱም መረጃው ሁሉ የጠፋበት ይመስለዋል። ከዚህ የሚከተለው ድንጋጤ ከስሙ ለውጥ የባሰ ነው። ደንግጦ ስብስቡን እንደ አዲስ የሚፈጥር ሰው፣ ጤነኛ የነበረውን መረጃ በራሱ እጅ ሊያጠፋው ይችላል።

መሣሪያዎቹ እንዴት ሊሠሩ ይገባል?

በዚህ ላይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው ወገን ስም አጭርና የማይለወጥ መሆን አለበት ይላል። በእኩለ ሌሊት ሰርቨር የሚጠግን ሰው 32 ምልክት ያለው መለያ በትክክል ያነባል ተብሎ አይጠበቅም፤ ረጅም ስም ራሱ የስሕተት ምንጭ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ አጭር ቁጥር የሐሰት መተማመን ይፈጥራል፤ ሊለወጥ የሚችል ስም እንደማይለወጥ ሆኖ መታየት የለበትም ይላል።

ተመሳሳይ ክርክር በኔትዎርክ ካርዶች ላይም ተካሂዷል። ሊኑክስ የኔትዎርክ ካርዶችን ለረጅም ዘመን ኢትዜሮ፣ ኢትዋን እያለ በተገኙበት ተራ ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲስተምዲ የተባለው የሥርዓት አስተዳዳሪ ካርዱ የተሰካበትን ቦታ የሚገልጹ ስሞችን አመጣ። አዲሶቹ ስሞች ለአንደበት የማይመቹ በመሆናቸው ብዙ ቅሬታ ተነሥቶባቸዋል። ሆኖም በርካታ ካርዶች ባሉት ሰርቨር ላይ ኬብሉ የገባበት ካርድ ነገም ያው ስም እንደሚኖረው ማረጋገጫ ሆኑ።

እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ መፍትሔውም ሥራውን መከፋፈል ነው። ማሽኑ በማንነት ይሥራ፣ ሰው በስም ይጥራ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት መጠበቅ የመሣሪያው ግዴታ ይሁን። ኤምዲአድም የመጀመሪያውን በሚገባ ይፈጽማል። ሁለተኛውንም ይፈቅዳል፤ ስብስቡን በቁጥር ፈንታ ሥራውን በሚገልጽ ቃል መሰየም ይቻላል። አዲሶቹ የኤምዲአድም ስሪቶች ለስም የሚቀበሉት የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችን፣ ነጥብን፣ ሰረዝንና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። በግእዝ ፊደል መሰየም ስለማይቻል ቃሉን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ይላል።

ድክመቱ በሦስተኛው ላይ ይታያል። ዲስክ ሲበላሽ ኤምዲአድም የሚልከው የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ዲስኩን የሚጠራው በኤስዲሲ ዓይነት ስም ነው። መሣሪያው በውስጡ በማንነት ሲሠራ ቆይቶ፣ ሰውየውን በሚያነጋግርበት በዚያች ወሳኝ ሰዓት ወደ ተራ ቁጥር ይመለሳል። ማስጠንቀቂያው የዲስኩን ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር፣ የሚታወቅ ከሆነም የተሰካበትን ቦታ ቢይዝ ኖሮ፣ በመግቢያዬ የጠቀስኩት ባለሙያ ጤነኛውን ዲስክ ባልነቀለ ነበር። እንደዚሁም ለስብስቡ ኤምዲ127 የሚል ስም ሲሰጥ፣ ለምን እንደሰጠው በግልጽ ቋንቋ ቢናገር ብዙ ድንጋጤ ይቀር ነበር። ሲጠራጠር አለመገመቱ ትክክል ነው፤ መጠራጠሩን አለመናገሩ ግን ጉድለት ነው።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

ሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ማከማቻ ያላቸው አንባቢያን ጥቂት ነገሮችን አስቀድመው ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

አንደኛ፣ ዲስኮቹ ጤነኛ ሳሉ የእያንዳንዱን ሴሪያል ቁጥር ዲስኩ በገባበት መሳቢያ ፊት ለፊት ላይ ጽፈው ይለጥፉ። ዝርዝሩንም ከማከማቻው ውጭ ያስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ በኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ ኤምዲ0 በሚለው ስም ፈንታ የፋይል ሥርዓቱን ዩዩአይዲ ይጻፉ። ይህ ከተደረገ ስብስቡ ኤምዲ127 ቢባልም ኮምፒውተሩ ያለ ችግር ይነሣል።

ሦስተኛ፣ የስብስቡን ስምና ዩዩአይዲ በኤምዲአድም የቅንብር ፋይል ውስጥ ያስመዝግቡ፤ ከዚያም ኢኒትራምኤፍኤስን ማደስ አይርሱ። የኮምፒውተሩን ስም በለወጡ ቁጥርም ይህን ይድገሙት።

አራተኛ፣ የብልሽት ማስጠንቀቂያ ሲደርስዎ ሰርቨሩን ከማጥፋትዎ በፊት የተበላሸውን ዲስክ ሴሪያል ቁጥር ይመዝግቡ። ዲስኩ መልስ መስጠት ካቆመ ደግሞ የጤነኞቹን ሁሉ ቁጥር ይመዝግቡ፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው የተበላሸው ነው።

በመጨረሻም ሬይድ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። የዲስክን መበላሸት ይቋቋማል፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይልን፣ እሳትንና ሌባን ግን አይከላከልም። የማይተኩ ፎቶግራፎችና ሰነዶች በሌላ ቦታ የተቀመጠ ሌላ ቅጂ ሊኖራቸው ይገባል።

የትምህርት ክፍላችን ሰርቨር ከዚያ በኋላ ለዓመታት አገልግሏል። ባለሙያው በአራቱም መሳቢያዎች ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ በእጁ የጻፋቸው ሴሪያል ቁጥሮች፣ ተመርቄ ስወጣም እዚያው ነበሩ።